የእግር ዕውቀት፦ ሯጭ የሚያውቀው በምኑ ነው?

በአጭር ርቀት ሩጫ ከፍተኛ ፍጥነቱ ላይ የደረሰ ሯጭ አንድ እግሩ መሬት ነክቶ እስኪነሣ ያለው ጊዜ ከሰከንድ ዐሥረኛ እጅ ብዙም አይርቅም። እግር የት እንደሚያርፍ፣ በየትኛው ክፍሉ እንደሚረግጥ፣ ቁርጭምጭሚት ምን ያህል እንደሚጠነክር፣ ጉልበት ምን ያህል እንደሚታጠፍ የሚታየው በዚህች ቅጽበት ነው። ሯጩ ግን ከእነዚህ አንዱንም አስቦ አልወሰነም፤ ቢጠየቅም አብዛኛውን መናገር አይችልም። ታዲያ የሚያውቀው ማን ነው? እግሩ ያውቃል ከተባለ ሥጋ ያለ ሐሳብ ዕውቀት አለው ማለት ነው። አያውቅም ከተባለም ሳያውቅ በትክክል የሚሠራ አካል እንዴት ሊኖር እንደቻለ መልስ ያሻዋል። ጥያቄው የአሠልጣኞች ብቻ አይደለም፤ የሰውን ተፈጥሮ፣ የነፍስንና የሥጋን አንድነት የሚመረምር ሁሉ ይገናኘዋል። በምዕራብ ጎጃም በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ እንዳለው ያለ፣ ገበያውንም እርሻውንም ቤተ ክርስቲያኑንም በእግሩ ለሚያዳርስ የገጠር ሕዝብ ደግሞ ስለ እግር መጠየቅ ስለ ኑሮው መጠየቅ ነው።

መልሱን ለመፈለግ አስቀድሞ እግር የሚሠራውን ሥራ በቅደም ተከተል ማየት ያስፈልጋል። የሩጫ ፍጥነት የሁለት ነገሮች ብዜት ነው፦ የእርምጃ ርዝመትና የእርምጃ ድግግሞሽ። ዩሴን ቦልት እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ሲጨርስ የወሰደበት 41 እርምጃ ያህል ነው፤ አማካይ እርምጃው ከ2.4 ሜትር በላይ ነበር ማለት ነው። ብዙ ሰው ፈጣን ሯጭን ፈጣን የሚያደርገው እግሩን በአየር ላይ ቶሎ ቶሎ ማወናጨፉ ይመስለዋል። በ2000 የታተመው የፒተር ዋይአንድና የባልደረቦቹ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ፈጣኑም ዘገምተኛውም በየራሳቸው ከፍተኛ ፍጥነት ሲሮጡ እግራቸውን ከኋላ ወደ ፊት ለመመለስ የሚፈጅባቸው ጊዜ ተቀራራቢ ነው። የሚለያቸው መሬትን የሚመቱበት ኃይል ነው፤ ፈጣኑ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከክብደቱ ብዙ እጥፍ የሆነ ኃይል መሬት ላይ ያሳርፋል። እንግዲህ የሩጫ ምሥጢር ያለው እግር አየር ላይ በሚሆንበት ጊዜ ሳይሆን ከምድር ጋር በሚገናኝበት ቅጽበት ነው።

ያ ግንኙነት ፍሬ እንዲያፈራ እግር የሚያርፍበት ቦታ ወሳኝ ነው። ከሰውነት የክብደት ማዕከል እጅግ ቀድሞ ወደ ፊት ተዘርግቶ ያረፈ እግር ፍሬን ይሆናል፤ መሬቱ ሯጩን ወደ ኋላ ይገፋዋል። በሙሉ ፍጥነት ላይ እግር ከማዕከሉ ጥቂት ቀደም ብሎ ማረፉ አይቀርም፤ ያ ርቀት ግን በተቻለ መጠን ማጠር አለበት። እግሩም ሲያርፍ ወደ ፊት እየሄደ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች፣ ከፊት ወደ ኋላ እየተሳበ መሆን ይገባዋል። መጀመሪያ መሬት የሚነካው ከጣቶቹ ሥር ያለው የውስጥ እግር ፊተኛው ክፍል ነው። ተረከዝ ጨርሶ ላይነካ ወይም ለቅጽበት ሊነካ ይችላል። ከማረፉ በፊት ጣቶቹ ወደ ላይ ተስበው ቁርጭምጭሚቱ መጽናት አለበት፤ የላላ ቁርጭምጭሚት ከመሬት የመጣውን ኃይል ይውጠዋል፤ የጸና ግን ለተረከዝ ጅማት ያስተላልፈዋል። ጅማቱም ተለጥጦ ያጠራቀመውን ኃይል እግሩ ሲነሣ መልሶ ይሰጣል።

እግር ከመሬት ከተነሣ በኋላ ያለው ዙርም የራሱ ሥርዓት አለው። ተረከዙ ወደ መቀመጫ ይሰበሰባል፤ ጉልበቱ ታጥፎ ከሰውነት ሥር ወደ ፊት ያልፋል። የታጠፈ እግር ከተዘረጋው ይልቅ ለመወንጨፍ ይቀላል። ከዚያ ጭኑ ወደ ላይ ይነሣል፤ ቅልጥሙም ተዘርግቶ ሳያልቅ እግሩ በዳሌ ጡንቻዎች ኃይል ወደ መሬት መውረድ ይጀምራል። ከጭኑ በስተኋላ እስከ ቋንጃ የሚወርዱት ጡንቻዎች ትልቁን ሸክም የሚሸከሙት በዚህ ጊዜ ነው። እየተለጠጡ እግሩን መያዝ፣ ወዲያውም ወደ ኋላ መሳብ አለባቸው፤ የአጭር ርቀት ሯጮች ጉዳት በአብዛኛው የሚደርሰውም እዚህ ላይ ነው። በመነሻ ላይ ሥርዓቱ ይለያል። ከመነሻ መደገፊያው (ብሎክ) የተነሣ ሯጭ ሰውነቱ ወደ ፊት ያዘነበለ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ከማዕከሉ በታች ወይም ከኋላው ያርፋሉ፤ መሬት ላይ የሚቆዩበት ጊዜም ረዘም ይላል። ፍጥነቱ ሲጨምር ሰውነት ቀስ በቀስ ቀጥ ይላል፤ መግፋቱም ወደ መምታት ይለወጣል።

ይህን ሁሉ ለማየት ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። ክረምቱ አልፎ በኅዳርና በታኅሣሥ የገጠር ትምህርት ቤት ሜዳ ሲደርቅ፣ የምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር ላዩ እንደ ዱቄት ይልማል። አንድ ልጅ በሙሉ ኃይሉ ሮጦበት ሲያልፍ ዱካው የእርምጃውን ታሪክ ይዞ ይቀራል። የፊተኛው እግር ምልክት ጠልቆ፣ የተረከዙ ምልክት ሳስቶ ወይም ጠፍቶ፣ አፈሩም ከዱካው በስተኋላ ተበትኖ ከታየ ልጁ መሬቱን ወደ ኋላ ገፍቷል። ተረከዙ ቀድሞ ተቀርጾ አፈሩ ከዱካው በስተፊት ተገፍቶ ከተከመረ ግን እግሩ ወደ ፊት እየሄደ አርፎ ሩጫውን ራሱ አግቶታል። ከዱካ እስከ ዱካ ያለው ርቀት እየሰፋ ሄዶ በአንድ ልክ ሲጸና ልጁ ከመነሻ ወደ ሙሉ ፍጥነት የተሸጋገረበት ቦታ ይታወቃል። አስተዋይ መምህር ከዚያ ሜዳ ላይ ብዙ ያነባል። ልጁ ራሱ ግን ዱካውን አይቶ ካልተነገረው በቀር ምን እንዳደረገ አያውቅም።

ፍልስፍናዊው ጥያቄ የሚጠነክረው እዚህ ላይ ነው። በዓለም አትሌቲክስ ደንብ መሠረት የመነሻ ተኩስ በተሰማ 0.1 ሰከንድ ሳይሞላ የተነሣ ሯጭ ያለአግባብ እንደ ተነሣ ይቆጠራል፤ ሰው ድምፅ ሰምቶ ከዚያ በፈጠነ ጊዜ ሊነሣ አይችልም ከሚል ግምት የተነሣ ነው። የእግርና የመሬት ግንኙነትም የሚፈጀው ጊዜ ይህንኑ ያህል ነው። ስለዚህ እግር መሬት ከነካ በኋላ ሯጩ አይቶ፣ ፈርዶ፣ አርሞ ሊደርስበት የሚችል ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ እርማቱ ከመድረሱ በፊት እርምጃው አልፏል። ትክክለኛ እርምጃ ከማረፉ በፊት አየር ላይ ሳለ የተዘጋጀ እርምጃ ነው፤ የጡንቻው ውጥረት መሬቱን ሳይነካ ቀድሞ ይጠብቀዋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ በሩጫ ላይ የሚገኘው ከሩጫ በፊት የተዘጋጀው ብቻ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ አንዱ ወገን የሯጭ እግር እንደ መኪና ጎማ ነው፣ ዕውቀት የሚባል ነገር የለውም ይል ይሆናል። ይህ አነጋገር ግን አንድ እውነት ይዘነጋል። ጎማ ራሱን አያሻሽልም፤ አይሳሳትም፤ አይማርም። የሯጭ እግር ግን በመንገዱ ላይ ድንጋይ ቢያገኝ ይለወጣል፤ ከጭቃ ወደ ደረቅ ሲያልፍ አረጋገጡን ይቀይራል፤ በዓመታት ልምምድም ይበስላል። ትክክልና ስሕተት ያለበት፣ ትምህርትና መሻሻል ያለበት ነገር ዕውቀት ካልተባለ ዕውቀት የሚለው ቃል ጠባብ ሆኖ ይቀራል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጊልበርት ራይል በ1949 ባሳተመው መጽሐፉ አንድን ነገር እንዲህ ነው ብሎ ማወቅና እንዴት እንደሚደረግ ማወቅ የተለያዩ መሆናቸውን፣ ሁለተኛውም ከመጀመሪያው የተቀዳ አለመሆኑን ተከራክሯል። ከእርሱ እጅግ ቀድሞ አርስቶትል ስለ እንስሳት አካሄድ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ጽፏል፤ በሥነ ምግባር ትምህርቱም ሰው ጎበዝ የሚሆነው ጉብዝናን ተረድቶ ሳይሆን የጎበዝን ሥራ ደጋግሞ ሠርቶ መሆኑን አስተምሯል።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ለዚህ ጥያቄ የራሱ መሠረት አለው። ሰው ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከእሳትና ከነፋስ፣ የተገኘ ሥጋና ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት የሆነች ነፍስ ያለው አንድ አካል ነው። ሥጋ ለነፍስ ጊዜያዊ ልብስ ሆኖ የሚጣል ቢሆን ኖሮ ትንሣኤ ሙታን ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር አንዱ ባልሆነ ነበር። አምልኮውም ይህን ይመሰክራል። ምእመኑ ጫማውን አውልቆ ይገባል፤ ቆሞ ያስቀድሳል፤ ወድቆ ይሰግዳል፤ መዘምራኑም በእግራቸው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያሉ ያሸበሽባሉ። ጸሎት በአፍና በልብ ብቻ የሚፈጸም ቢሆን ለእግር ይህን ያህል ሥርዓት አይሠራለትም ነበር። ቅዱስ ጳውሎስም በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክቱ በምዕራፍ 9 የመንፈሳዊ ተጋድሎ ምሳሌ አድርጎ የወሰደው ሯጭን ነው፤ ሩጫን ያነሣውም የሰውነት ልምምድ ራስን የመግዛት ትምህርት ቤት ስለሆነ ነው። በዚህ አስተሳሰብ «እግሩ ነው ወይስ ነፍሱ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ የማይለያየውን የለየ ነው። የሚሮጠው አንድ ሰው ነው፤ የሚያውቀውም ያው ሰው ነው፤ የዕውቀቱ ማደሪያ ግን በከፊል እግሩ ነው።

ሕግን በቃል ማወቅና በሥራ ማዋል እንዴት እንደሚገናኙ ለመረዳት ጎጃም ከራሱ ቤት ምሳሌ አለው፤ እርሱም የቅኔ ጉባኤ ነው። በዋሸራም ሆነ በሌሎች የጎጃም ጉባኤዎች ተማሪው ግስ ያጠናል፤ አገባብ ይማራል፤ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። መጀመሪያ ላይ ቤቱን ይቆጥራል፤ ዜማውን ያመዛዝናል፤ መምህሩ ሲያርመው ይሰርዛል። የበሰለ ባለቅኔ ግን በቅዳሴው መካከል ቆሞ ሲቀኝ ሕጉን አንድ በአንድ አይቆጥርም፤ ሕጉ በውስጡ ሆኖ ያናግረዋል። ሕጉን ረስቶታል ማለት አይደለም፤ ሲጠየቅ ያስረዳል፤ ደቀ መዝሙሩንም ያርማል። ሌላም ነገር አለ። ባለቅኔ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ አይደግምም፤ በየበዓሉ አዲስ ይቀኛል። የሶቪየቱ የእንቅስቃሴ ሊቅ ኒኮላይ በርንስታይን ስለ ሰውነት ልምምድ የደረሰበትም ይህን ይመስላል። ጎበዝ ሠራተኛ አንድን እንቅስቃሴ ሺህ ጊዜ ሲደጋግም አንዱ ከሌላው ጋር ፍጹም አንድ አይሆንም፤ የሚደጋገመው የችግሩ መፍትሔ ፍለጋ እንጂ እንቅስቃሴው ራሱ አይደለም። ሯጭም እያንዳንዱን እርምጃ እንደ አዲስ ይረግጣል።

የአሠልጣኝ ቃል ዋጋ የሚመዘነውም በዚህ ነው። ሯጭ በውድድር መካከል ስለ ቁርጭምጭሚቱ ቢያስብ እርምጃው ይሰናከላል። የእንቅስቃሴ ትምህርትን ያጠኑ ተመራማሪዎች በተለይም ጋብሪኤሌ ዉልፍ ደጋግመው እንዳሳዩት፣ ተማሪ ሐሳቡን በአካሉ ክፍል ላይ ከሚያሳርፍ እንቅስቃሴው በሚያመጣው ውጤት ላይ ቢያሳርፍ በአብዛኛው የተሻለ ይሠራል። «ጉልበትህን አንሣ» ከማለት «መሬቱን ወደ ኋላ ግፋው» ማለት ይበልጣል። ጥሩ አሠልጣኝ የእግርን ሥራ በዝርዝር ያውቃል፤ ለሯጩ ግን ከዚያ ሁሉ የሚሰጠው አንድ ቃል ነው፤ ያንንም በልምምድ ሰዓት እንጂ በውድድር ሰዓት አይደለም።

የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ለዚህ የሚጠቀስ ታሪክ አለው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ ከሮጡት መካከል ንጉሤ ሮባ ይገኝበታል፤ የሮጠውም 100 ሜትር ነበር። ይህ የአጭር ርቀት ሯጭ በኋላ ኢትዮጵያን በረጅም ርቀት ካስጠሩ አሠልጣኞች አንዱ ሆነ። በእርሱ ዘመን ምሩጽ ይፍጠር በ1980 ሞስኮ ላይ 5,000ና 10,000 ሜትርን አሸነፈ፤ ከፍጻሜው 300 ሜትር ያህል ሲቀር ፍጥነቱን በድንገት እየለወጠ ስለሚወጣ «ማርሽ ቀያሪው» ተባለ። በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር ፍጻሜ አንደኛውና ሁለተኛው የተለያዩት በ0.12 ሰከንድ ነበር። 25 ዙር የተሮጠበት ውድድር የተወሰነው አንድ እግር መሬት ላይ ከሚቆይበት ጊዜ ባነሰ ልዩነት ነው። የረጅም ርቀት ድል ራሱ በመጨረሻው መቶ ሜትር የአጭር ርቀት ጥበብ ያሻዋል።

ታዲያ ይህ ጥበብ የተፈጥሮ ስጦታ ነው ወይስ የትምህርት ፍሬ? ተራራማ አገር የረጅም ርቀት ሯጭ ያፈራል፣ የአጭር ርቀት ግን አይሆንለትም የሚል አስተሳሰብ በሰፊው አለ። ቡሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በ1968 ኦሊምፒክ የተደረገባት ሜክሲኮ ሲቲ ደግሞ ከ2,200 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። በዚያ ስስ አየር ጂም ሃይንስ 100 ሜትርን በ9.95፣ ሊ ኢቫንስ 400 ሜትርን በ43.86 ሰከንድ ሮጠው የዓለም ክብረ ወሰን ሰበሩ፤ በዚያው ከተማ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን አሸነፈ። አየሩ ሲሳሳ ሯጩን የሚቋቋምበት ኃይል ስለሚቀንስ ከፍታ ለአጭር ርቀት ሯጭ እንቅፋት አይደለም። ሆኖም ኢትዮጵያ ከ800 ሜትር በታች ባለ ርቀት የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አግኝታ አታውቅም። በ2024 ፓሪስ ላይ በ800 ሜትር ብር ያመጣችው ጽጌ ዱጉማ ቀድሞ የ400 ሜትር ሯጭ ነበረች።

የሰው ተፈጥሮ ይለያያል፤ የጡንቻ ዓይነትና የጅማት ርዝመት በውርስ ይመጣሉ። ነገር ግን እግር የሚያውቀው የኖረበትን መሬት ነው። ጥጃ የሚመልስ፣ በገና ጨዋታ የሚራወጥ፣ ቁልቁለትና ዳገት እየወጣ ትምህርት ቤት የሚመላለስ የገጠር ልጅ እግሩ የተማረ ነው። በሐምሌ ጭቃ ላይ ጣቶቹን ዘርግቶ፣ እርምጃውን አሳጥሮ፣ ክብደቱን በመላ ውስጥ እግሩ ላይ አከፋፍሎ ይረግጣል፤ ያ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። በሙሉ ኃይል ሳይሠጉ መምታት ግን የሚለመደው በደልዳላ ሜዳና በመም ላይ፣ አይቶ የሚያርም መምህር ባለበት፣ ቀድመው የሚሮጡ ታላላቆች በሚታዩበት ነው። ቅኔ በጎጃም የሰፋው ጎጃሜ በደሙ ባለቅኔ ስለሆነ ሳይሆን፣ ጉባኤው ትውልድ ሳይቋረጥበት ስለቆየ ነው። ጃማይካ በአጭር ርቀት ስሟ የገነነው ለተማሪዎች ውድድር ከመቶ ዓመት በላይ ቦታ ሰጥታ ስለኖረች ጭምር ነው። ስለዚህ ስጦታ ያለ ጉባኤ ዝም ብሎ ይቀራል።

ስለ እግር ሲነሣ የባዶ እግር ጉዳይ መታለፍ የለበትም። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ማሸነፉ ዓለምን አስደንቋል፤ በ1964 ቶኪዮ ላይ ደግሞ በጫማ ሮጦ አሸንፏል። ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ በ2010 ባሳተሙት ጥናት ባዶ እግር የለመዱ ሯጮች በአብዛኛው በፊተኛው እግራቸው እንደሚያርፉ አሳዩ። በ2013 በሰሜን ኬንያ በዳሰነች ሕዝብ ላይ የታተመ ሌላ ጥናት ግን ባዶ እግር የኖሩ ሰዎችም በራሳቸው በመረጡት ፍጥነት ሲሮጡ አብዛኞቹ በተረከዝ እንደሚያርፉ፣ ፍጥነት ሲጨምርም አረጋገጣቸው እንደሚለወጥ አመለከተ። ባዶ እግር ብቻውን አያስተምርም ማለት ነው። በምዕራብ ጎጃም ደግሞ ባዶ እግርን ማወደስ ከባድ የሕሊና ጥያቄ ያስነሣል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ በተፈጥሯቸው ተጋላጭ በሆኑ ሰዎች ላይ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን የእግር እብጠት፣ በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለውን፣ ያመጣል። በደብረ ኤልያስና በምዕራብ ጎጃሟ ደምበጫ ወረዳዎች ተጠንቶ በ2012 በታተመ ጥናት ዕድሜያቸው 15ና ከዚያ በላይ ከሆኑ ነዋሪዎች ከመቶ 3.3 ያህሉ በሽታው ተገኝቶባቸዋል። በሽታው አይተላለፍም፤ ጫማ በማድረግና እግርን በመታጠብ ይከላከሉታል። ሕመምተኞቹ ግን ከሕመሙ በላይ በመገለል ይጎዳሉ። ሰው የተገኘበት አፈር እግሩን ሊያሳብጥ ይችላል፤ እግር የዕውቀት ማደሪያ ከሆነ መጠበቁም ግዴታ ነው። በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር ሲያጥቡ የሚያስተምሩት ክብር ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውጭም ሊዘልቅ ይገባል፤ ለልጆች ጫማ፣ ለታመሙት ሕክምናና ሰብአዊ አቀባበል ሆኖ።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ ፍጹም አረጋገጥ አለን? ዋይአንድ ያለበት የጥናት ቡድን በ2017 እንዳሳየው የቦልት ቀኝ እግር ከግራው በ13 በመቶ ያህል የበለጠ ኃይል መሬት ላይ ያሳርፍ ነበር፤ ግራው ደግሞ መሬት ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆይ ነበር። የጀርባ አጥንቱም የተጣመመ ነው። በዓለም ፈጣኑ ሰው መጽሐፍ ላይ እንደሚሣለው ሯጭ አይሮጥም ማለት ነው። ማይክል ጆንሰንም ቀጥ ብሎ፣ በአጫጭር እርምጃ ሮጦ በ1996 200 ሜትርን በ19.32 ሰከንድ ጨርሷል። ይህ ሕግ የለም ለማለት አያበቃም፤ ሁለቱም እግራቸውን ከሰውነታቸው አርቀው ሳይዘረጉ በብርቱ ኃይል መሬቱን መትተዋል። ሕጉ አንድ ሆኖ መልኩ በየሰው አካል ይለያያል። አሠልጣኝ የሌላን ሰው መልክ በልጁ ላይ ከጫነ ሕጉንም ልጁንም ያጣል፤ የልጁን አካል አጥንቶ ሕጉን በእርሱ መልክ እንዲገለጥ ቢረዳው ግን አስተማረ ይባላል።

እንግዲህ ሯጭ የሚያውቀው በምኑ ነው ለሚለው መልሱ ይህ ነው። የሚያውቀው በሙሉ ሰውነቱ ነው። አእምሮ ሕጉን ይረዳል፤ ያስተካክላል፤ ያስተምራል፤ በሩጫው ቅጽበት ግን ዕውቀቱ በጡንቻ፣ በጅማትና በውስጥ እግር ሆኖ ይሠራል። ያ ዕውቀት ከተፈጥሮ መነሻ፣ ከልምምድ ብስለት፣ ከመምህርና ከማኅበረሰብ ደግሞ ቅርጽ ያገኛል። የአንዱ መጉደል ሌሎቹን ያመክናል። ስለዚህ በገጠር ሜዳ ላይ የሚሮጥን ልጅ እግር መመልከት የሰውን ክብር መመልከት ነው፤ እግሩን ከበሽታ መጠበቅ፣ ደልዳላ መሮጫ መስጠት፣ አይቶ የሚያርም መምህር ማቆምም ለዚያ ክብር የሚገባ ሥራ ነው።